እትየ አለምነሽ ዓይናቸውን የሸፈኑ ዕለት

ትናንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የያዘችው ጀሪካን አፈሰሰና ሚኒባሱ በጥሬ ወተት ሽታ ተሞላ። ወዲያው እትየ አለምነሽ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጥሊሊ ውስጥ ለሰፈራችን ወተት የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ወተቱን በጠጣ ማግስት ታመመና "የሴትዮዋ ዓይን በልቶት ነው" ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ ከሳቸው መግዛት ተወ። በመጨረሻ እናቴም ተወች።

"እኔስ አላምንበትም" አለችኝ። "ግን ብቻዬን ብገዛ ሰው ምን ይለኛል?"

ልጁ ብዙም ሳይቆይ ድኖ ኳስ መጫወት ጀመረ። ወሬው ግን አልቆመም።

ከወራት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትየ አለምነሽን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ገና ሲያዩኝ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ አጥሩ ዞሩ።

"እትየ፣ እኔ እኮ ነኝ። ለምን ይሸፈናሉ?" አልኳቸው።

"እለፊ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ይሳሳታል? እኔው ሳላውቀው ይሆናል እንጂ።"

አልፌያቸው ስሄድ ዞር ብዬ አየሁ። ፊታቸውን ከአጥሩ አላነሱም።

ዛሬም ስለ እሳቸው ሳነሳባት እናቴ "ሁሉም ትቶ ነበር እኮ" ትላለች።