ዳቦ የተቆረሰበት ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ ኮልፌ ከተማ አልነበረችም፤ ሜዳ፣ ባሕር ዛፍና ክረምት ሲገባ እግር የሚይዝ ጥቁር ጭቃ ነበረች። እኛም ወደን አልመጣንባትም። መሀል ከተማ የነበርንበት ሰፈር «ለነጮች ተከልሏል» ተባለና፣ ጣሊያኖቹ በሰጡን አጭር ጊዜ ውስጥ ቆርቆሯችንን ነቅለን፣ የቀረውን በአህያ ጭነን ወደ ምዕራብ ወጣን። እናቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። የአባቴም ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ዝናቡ ሳይጠና፣ እሷም ሳትወልድ፣ ግድግዳና ጣሪያ ማቆም።

ቤቱ እስኪሠራ ወንዝ ዳር በተጣለ ዳስ ውስጥ ነበርን። ከመሸ መውጣት ክልክል ስለነበር ገና ሳይጨልም እንሰበሰባለን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙ ዝቅ ተደርጎ ስንቀመጥ፣ ያኔ ነበር አባባ ንዳ ተረታቸውን የሚጀምሩት። አባባ ንዳ የአባቴ አጎት ናቸው። በጉልምስናቸው ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ ወገባቸው አልታጠፍ ካለ ወዲህ ግን ሥራቸው መናገር ሆኗል። ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ መሬት ነበር።

መሬት ሥጋም አጥንትም አላት ይሉ ነበር። ሥጋዋ ጥቁሩ አፈር ነው፤ ክረምት ጠጥታ ታብጣለች፣ በጋ ተጠምታ አፏን ትከፍታለች። ከሁለት ወንድማማቾች ታላቁ ሜዳው ተመቸኝ ብሎ ሥጋዋ ላይ ቤት ሠራ፤ ክረምት አነሳችው፣ በጋ ጣለችው፣ በመጨረሻ ከነከብቱ ዋጠችው። ታናሹ ግን አፈሩን እየገፈፈ፣ ወርዶ ወርዶ አጥንቷን አገኘ፤ እዚያ ላይ ሠራና በሰላም ኖረ። «አጥንት ላይ የተኛ አይባንንም» ብለው ይጨርሱና፣ እንደ ዳኛ ዙሪያውን ያዩናል። እኔ እያንዳንዱን ቃል አምን ነበር፤ ሌሊት ጆሮዬን መሬት ላይ አድርጌ ስትጠጣ የምሰማት ይመስለኝ ነበር።

የቤቱን ቦታ የመረጡትም እሳቸው ናቸው። አባቴ በዲጂኖ እየወጋ ሲዞር፣ እሳቸው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ተከተሉት። ወንዙ አጠገብ ብረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ገባና ቋ! አለ። አባባ ንዳ ኮፍያቸውን አወለቁ። «አጥንት!» አሉ።

የጉድጓድ ቆፋሪዎች ልማድ ነበራቸው። ድንጋይ ከተነካ ቁፋሮው ይቆማል፤ ዳቦ ይቆረስበታል፤ ይመረቃል። ከዚያ ወዲያ ያን ድንጋይ በዶማ መንካት ምርቃትን መልሶ እንደ መትፋት ነው። እናቴም ዳቦ ጋገረች፣ አባባ ንዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው መረቁ፣ እኛም በላን። ከድንጋዩ ሥር ምን እንዳለ የጠየቀ የለም። ምርቃት ላይ ማን ይጠይቃል?

ያኔ ጣሊያኖቹም ከእኛ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ለሚሠሩት ድልድይ ሦስት እግር ያለው ማማ ተክለው መሬት ይበሱ ነበር። እዚያ የሚሠራ ጎረቤታችን፣ ድንጋይ ካገኙ በኋላም መብሳታቸውን እንደማያቆሙ ሲያወራ አባባ ንዳ በሳቅ ፈረሱ።

«አገር ውጦ ያልጠገበን ሰው ድንጋይ ያጠግበዋል?» አሉ።

ቤቱ በሰኔ ቆመ። ጓዳው፣ ከድንጋዩ በላይ ያለው፣ ምርጥ ቦታ ነው ተብሎ ለእናቴ ተሰጣት። መደቧም ግድግዳውን ተደግፎ ተሠራ። እህቴ በሐምሌ እዚያው መደብ ላይ ተወለደች።

ዝናቡ እየጠና ሲሄድ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጣች። አባባ ንዳ አልደነገጡም። ስንጥቁ ላይ እርጥብ ጭቃ በአውራ ጣቴ እንድለጥፍ አደረጉኝ። ልጥፉ ደርቆ ደህና ከቆየ ስንጥቁ አሮጌ ቁስል ነው፤ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስነሣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ልጥፉን ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁትና ሮጬ ነገርኳቸው።

«ጭድ አልጨመርክበትማ» አሉኝ።

ጭድ ጨምሬ ለጠፍኩ። ከሰዓት በኋላ ስንጥቁ ሰፍቶ ጣቴን አስገባሁበት።

አባቴ ስንጥቁን አየ፣ አጎቱንም አየ። ዳቦ የተቆረሰበትን ድንጋይ ይንቀሳቀሳል ማለት ሽማግሌውን ዋሽተዋል ማለት ነበር፤ እሱን ደግሞ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሚያደርገው ጠፍቶት በሩ ላይ ቆመ። የተናገረችው እናቴ ናት። አራሷ ከመደቡ ተነሥታ እህቴን በጋቢ ጠቀለለች።

«አባባ፣ አጥንቱን እርስዎ ይወቁት፤ እኔ ልጄን ይዤ እወጣለሁ» አለች።

እናቴ በዝናቡ መሀል ወደ ጎረቤታችን ወደ እቴ ዘይነባ ቤት ሄደች። ሌሎቻችንም አንድ በአንድ፣ እሷን ለመጠየቅ የሄድን መስለን ተከተልናት፤ በመጨረሻ አባባ ንዳም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። አመሻሽ ላይ ድምፁን ሰማን። ግድግዳው ወደ ወንዙ ሄዷል፤ ጣሪያው መደቡ ላይ ወርዷል።

ሲነጋ አባቴ ጭቃውን ዛቀው። አጥንት ያልነው ድንጋይ ላም የሚያህል ቋጥኝ ነበር። ከላይ ከተራራው ማን ያውቃል መቼ ተንከባሎ መጥቶ ጥቁሩ አፈር ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ዝናቡ ከሥሩ ያለውን አፈር ሲያለሰልሰው ወደ ወንዙ አዘንብሎ ነበር። አባባ ንዳ ምርኩዛቸውን ከቋጥኙ ሥር ሰደዱት፤ እስከ እጀታው ገባ። አውጥተው በሣር ጠርገውት ሄዱ።

እቴ ዘይነባ ቤት ሳለን አንድ ምሽት ያንኑ ተረት ጀመሩ። ታናሹ ወንድም ቆፍሮ ድንጋይ አገኘ። «አጥንት ነህ ወይስ እንግዳ?» አለው። ድንጋዩም «አጥንት ነኝ» አለ። ታናሹ ግን ብልህ ነበርና «ሥርህን ሳላይ አላምንህም» ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

«አባባ፣ ያኔ እንዲህ አልነበረም እኮ!» አልኩ።

«ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። አንተ ተረቱ እዚያ ጋ ሲደርስ ትተኛለህ።»

ተናደድኩ። አንድም ቀን ተኝቼ አላውቅም። አባቴን ዞሬ ባየው ፍሙን ይቆሰቁሳል።

ነፃነት ተመልሶ፣ እኔም አድጌ ምህንድስና ስማር፣ የምህንድስና ጂኦሎጂ የሚባል ትምህርት ገጠመን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጥቁር አፈር ሳለ፤ መሀሉ ላይ አንድ ቋጥኝ አስቀመጠ፤ መሰርሰሪያው ቋጥኙን ሲነካ ለምን እንደማይቆም አስረዳን። ከሥሩ ገና ሌላ አፈር ሊኖር ይችላልና የተገናኘነው ከዋናው አለት ጋር መሆኑ እስኪረጋገጥ ይቀጠላል። የጣሊያኖቹ ባለ ሦስት እግር ማማ ምን ይሠራ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ለአባባ ንዳ የነበረኝም ቂም እዚያው ወንበር ላይ ለቀቀኝ። የመማሪያ መጽሐፎቻችንም አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌውን ያርማሉ እንጂ ተሳስተን ነበር ብለው ሲያዝኑ አላየሁም።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ለእናቴ ቀራንዮ ቤት ሠራሁላት። ቆፋሪዎቹ ድንጋይ ሲነኩ ዶማቸውን ጥለው ዳቦ ጠየቁ። ዳቦውን አስመጣሁ፤ ቁፋሮውንም አስቀጠልኩ። ከድንጋዩ ሥር ድንጋይ፣ ከዚያም ሥር ድንጋይ ነበር። ሠራተኞቹ በእኔ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

እናቴ ስትገባ ወለሉን ረግጣ መረቀችኝ። በማግስቱ ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋን ከግድግዳው አስነሥታ ክፍሉ መሀል አድርጋዋለች።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ እውነተኛው አለት ነው፤ ሥሩን አይቻለሁ» አልኳት።

«አምኜሃለሁ ልጄ» አለች። «ጀርባዬ ነው ያላመነው።»

ከዚያ ሁሉ ተረትና ትምህርት እኔ ዘንድ የቀረው ያ ቃሏ ነው። እስክታርፍ ድረስ አልጋዋ እዚያው መሀል ነበረ፤ ጠያቂም ሁሉ ዞሮት ያልፍ ነበር።