ሰዓዳን የለካሁበት መስፈሪያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ እሳቸው ስለ ቅርጫት ኳስ ምን ያውቃሉ እያልሁ ስንት ጾም አሳለፍሁት። ሰበብ ነው። ሁለት ሰው በሁለት መስፈሪያ ሰፍሬያለሁ፤ ይህን ለመረዳት ኳስ ማወቅ አያሻም።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ሒሳብ ያስያዘችኝ የጎረቤታችን ልጅ ትርንጎ ናት። ባሕር ዳር ከተማ፣ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ዳር አስቀምጣኝ፣ «የወረወርሁትንና የገባውን ጻፊ፣ ከዚያ አካፍይ» ትለኝ ነበር። መቶኛ የገባኝ በእሷ ውርወራ ነው። እሷ አዲስ አበባ ገብታ የታወቀች ፖይንት ጋርድ ሆነች፤ ጨዋታ መሪ፣ ኳስ አከፋፋይ። እኔ ቀን ቀን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እየጠበቅሁ፣ ቅዳሜና እሑድ የሜዳው መዝጋቢ ሆኜ ቀረሁ። «አለም ከጻፈችው አለቀ» ይሉኛል። ይህ ስም ያኮራኝ ነበር።

ከዚያ ሰዓዳ ወደ ቡድናችን መጣች፤ የሐይቁ ዳር የጀልባ ሠሪ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። ዓይኗ ግራ እያየ ኳሷ ቀኝ ትደርሳለች። ልጆቹ «ኧረ ትርንጎ ጡረታ ትውጣ!» እያሉ ሲያሽካኩ ሰማሁ። ሌላው ሳቀ፤ እኔ ብዕሬን ጨበጥሁ።

በዚያው ሰሞን አሠልጣኛችን ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። የትርንጎ ውል ሊያልቅ ነው፤ የአዲስ አበባ ክለቧ እሷን እንደገና ከማስፈረሙ በፊት ሰዓዳ ምን ያህል እንደምትጠጋት ማወቅ ፈልጓል። «የሁለቱንም ጨዋታ አይተሽ አወዳድሪልኝ» አለኝ። የትርንጎ በፊልም ተላከልኝ፤ የሰዓዳ በዓይኔ ፊት ነበር።

ለነጥብ ያበቃች ኳስ የምንላት፣ ተቀባይዋ ሳትቆይ ያስገባቻትን ነው። «ሳትቆይ» የሚለው ስንት ነው? እሱን መዝጋቢው ነው የሚያውቀው። የትርንጎ ጓደኛ ኳሷን ሁለቴ አንጥራ ብታስገባ፣ ለትርንጎ ጻፍሁ። የሰዓዳ ጓደኛ አንዴ ካነጠረች ሰረዝሁ። ከትርንጎ የመጣ ኳስ ከተቀባይዋ እጅ ሲያመልጥ ጥፋቱን ለተቀባይዋ አደረግሁ፤ ከሰዓዳ ሲሆን፣ ሰዓዳ አባከነች አልሁ። ሜዳ ላይ ያልሆነ አንድም ነገር አልፈጠርሁም። ንጹሕ ወረቀት ነበር፤ በማስመሪያ ያሰመርሁት።

አሠልጣኙ አንብቦ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔስ የምትጠጋት መስሎኝ ነበር» አለ።

«ቁጥሩ ነው» አልሁት። ያልሁት ግን እኔ ነኝ እንጂ ቁጥሩ አልነበረም።

ትርንጎ እንደገና ፈረመች። ሰዓዳ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጣችብኝ።

«እትየ አለም፣ ኳስ ታባክናለች ብለሽ ጻፍሽ አሉኝ። እውነት ነው እንዴ?»

«ቆጥሬ ነው።»

«አንቺ ከቆጠርሽውማ ልክ ነው» አለች፤ ልትስቅ ሞከረች። «እኔን ደግሞ ለሰው የማደርስ ይመስለኝ ነበር እኮ!»

ምነው የክለቡን ቦታ ብቻ በነጠቅኋት። ከዚያ ቀን ወዲያ ኳስ ማቀበል ፈራች። ጓደኛዋ ባዶ ቦታ ቆማ እጇን እያወዛወዘች፣ ሰዓዳ ኳሷን ይዛ ታመነታለች፤ ወይ ራሷ ወርውራ ትስታለች። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ የሳተችውንም እጽፋለሁ። ዓመት ሳይሞላ ከሜዳ ቀረች።

ለምን አደረግሁት? ለትርንጎ ውለታ ነው ልበል? ትርንጎ አልጠየቀችኝም፤ ብትሰማ በጥፊ ትለኝ ነበር። ልጅቱ ትምህርቷን እንድትጨርስ ነው ልበል? ያኔ ለራሴ ያልሁት ይህን ነበር፤ ግን ስለ ትምህርቷ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እውነቱ ቅናት ነው። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከሕፃናት ፊደል ጋር ስታገል ነበር፤ እሷ በዚያው ዕድሜ ያልተማረችውን ታውቅ ነበር።

ዛሬ ደኅና ነኝ። መጽሐፌን ይዤ ሐይቁ ዳር ስቀመጥ ደስ የሚለኝ ሴት ነኝ፤ ይህንን አልደብቅም። ሰዓዳም ደኅና ናት። ከባሏ ጋር ወደ ዘጌ ጀልባ ትነዳለች፤ ሞተሩን ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ ስታገኘኝ «እትየ አለም፣ ነይ ጀልባው ላይ ውጪ!» ብላ እጄን ይዛ ታስገባኛለች። ደስታዋ ግን የራሷ ሥራ ነው። በእሱ ከበደሌ ልታጠብ አልችልም።

ባለፈው ወር ፊልሙንና እያንዳንዷን ኳስ የመዘገብሁባቸውን የድሮ ደብተሮቼን አውጥቼ፣ ለሁለቱም በአንድ መስፈሪያ እንደገና ቆጠርሁ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ። ሰዓዳ ለነጥብ ያቀበለችው ከትርንጎ እኩል ወጣ፤ ያባከነችው ከትርንጎ ያነሰ።

ሰዓዳ፣ ይህን ከሰው ሁሉ በፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ፤ ቅዳሜ ራሴ አመጣልሻለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም። አንቺ ቸር ነሽ፣ ቶሎ ትስቂና ነገሩን ታቀልዪልኛለሽ፤ እንዳትቸኩዪ። ከፈለግሽ ጀልባሽ ላይ እንዳልወጣ ከልክዪኝ። ብቻ ዓይንሽ ልክ እንደነበረ እወቂው። ጓደኞችሽ አንቺ ያየሽበት ቦታ ቆመው ነበር። አላባከንሽም።