ለስለት የተሰጠችው መኪና

ወገዳ ከተማ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ መኪና የሚገጣጥም መምህር ከእኔ ሌላ የለም። ቁርጥራጩን እህቴ ከአዲስ አበባ በካርቶን ትልክልኛለች፤ እኔ በምላጭ እያስተካከልኩ አጣብቃለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ክረምቱን ሙሉ የደከምኩባት ቀይዋ መኪና በሮቿ ይከፈቱ ነበር፤ መሪዋ ሲዞር ጎማዋም ይዞር ነበር።

ያያት ሁሉ «ዋናውን ይስጥህ» ብሎ ይመርቀኛል። ዋናውን አልፈልግም ብል ማን ያምነኛል? እናቴ ደግሞ ምርቃቱን የምር አድርጋ ያዘችው።

የንግሥ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ የስለት ዕቃ ጨረታ ተጀምሯል። ከጃንጥላውና ከመጋረጃው ቀጥሎ ጨረታውን የሚመሩት አባት መኪናዬን ከፍ አድርገው አሳዩ። እናቴ ዋናው እንዲመጣልኝ ብላ፣ እኔን ሳትጠይቅ ለታቦቱ ሰጥታት ኖሯል። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ እንዳልጫረት፣ ስለቱን ከታቦት መልሶ ወሰደ ልባል ነው። አንድ ነጋዴ ተጫርቶ ሲወስዳት ቆሜ አየሁ።

በማግስቱ በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ፣ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ከሥሩ ወትፏታል። የፊት ጎማዎቿ የሉም። ነጋዴው ቆሜ ሳያት አየኝና፣ «አይዞህ መምህር፣ ዋናውን ይሰጥሃል» አለኝ፤ ዋናዋን በር ሥር ወትፎ።