የቅዳሜዋ ታላቅ እህት

ልጅ እያለሁ፣ አንድ ሰሞን፣ ሰበታ ውስጥ ቅዳሜን እንደኔ የሚጠላ ልጅ የነበረ አይመስለኝም። የሰፈሩ ልጆች ሲጫወቱ እኔ ታጥቤ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ እንግዳ እጠብቃለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ በኦሮምኛ አዴ፣ እናት፣ ለምላቸው ለአዴ ጫልቱ፣ ገና ሕፃን የነበረው ታናሽ ወንድሜ ናቲ ደግሞ ሱሉልታ ላለ ሌላ ቤተሰብ በአደራ ተሰጥተን ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ እንደኔ ላሉ ልጆች «ታላቅ እህት» የሚመድብ አንድ ማኅበር ሰላም የምትባል የባንክ ሠራተኛ ላከልኝ። በየቅዳሜው አንድ ሰዓት ለብቻችን ተቀምጠን የልቤን ልትሰማኝ ነበር።

ለብቻችን! የአዴ ጫልቱን ቤት የማያውቅ ሰው ያወጣው ደንብ መሆን አለበት። እንግዳ የልጅ ሳይሆን የቤቱ እመቤት ነው፤ በልቶ፣ ደጋግሞ፣ ተመርቆ ነው የሚሸኘው። ሰላምን ገና ከበር የጨጨብሳው ቅቤ ሽታ ይቀበላታል። ደብተሯን ስታወጣ እርጎ ይመጣል። «አዴ፣ ትንሽ ከልጅቷ ጋር ላውራ» ስትል፣ «ብዪ እንጂ ኢንተላ ኮ፣ ብዪ ልጄ፣ ወሬው የት ይሄዳል!» ይሏትና አጠገባችን ቁጭ ይላሉ። ሰዓቱ በጉርሻ ያልቃል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ናቲን አሳዪኝ። ካየሁት ዓመት ከመንፈቅ አልፎኝ ነበር፤ መልኩ እየጠፋብኝ ነበር። አዴ ጫልቱ ፊት መናገር ደግሞ አፈርኩ። እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ ሴት «አልበቃኋትም» ብለው እንዳያዝኑ ፈራሁ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ሰላም «የሥራ ቦታ ቀይረውኛልና ከዛሬ በኋላ አልመጣም» አለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ጨጨብሳ አወጣው። አፌን እንደሞላሁ «ናቲን ሳታሳዪኝ?» ብዬ አለቀስኩ።

ሰላም ደነገጠች። አዴ ጫልቱ ሳህኑን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ለእኔ አፍ አጣሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ እርጎ በጀሪካን ይዘው፣ ሦስት ታክሲ አቀያይረው ሱሉልታ ወሰዱኝ። ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ናቲ አሳዳጊው ቀሚስ ሥር ተሸጎጠና «ማናት?» አለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም መናገር አልችልም። ዘግይተን ነበር። ቢሆንም አዴ ጫልቱ ተስፋ አልቆረጡም፤ በየወሩ እየወሰዱኝ ከወንድሜ ጋር መልሰው አለማመዱኝ።

አሁን እኔም በዚያው ማኅበር በኩል የአንዲት ልጅ ታላቅ እህት ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ውዬ ቅዳሜ ቡራዩ እሄዳለሁ። ጊዜው ተለውጧል፤ አሳዳጊዋ ሳሎኑን ለቅቀውልን ይወጣሉ፣ እኛ ለብቻችን እንቀመጣለን። ልጅቷ ስልኳን ታያለች፣ እኔ ደግሞ ማዛጋቴን እደብቃለሁ። ደክሞኛል፣ እውነቱን ለመናገር። እሑድ ተኝቼ እውላለሁ።

አዴ ጫልቱ ካረፉ ወዲህ ሱሉልታ የሚወስደኝ የለም። መንገዱ ተሠርቷል፣ ታክሲው በሽ ነው፤ እኔ ግን «የሚቀጥለው ሳምንት» እያልኩ ስንት ወር እንዳለፈ አላውቅም። ናቲ ባለፈው ደወለልኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምታገኚያት ልጅ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው እኔንም እዚያ ማኅበር አስመዝግቢኝ» አለና ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ።