የአማቴ የፍሬን ዲስክ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ነው። ከባለቤቴ አባት ጋር የተቀያየምነው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

የምንኖረው አስኮ፣ ከባለቤቴ ወላጆች ጋር በአንድ ግቢ ነው። እኔ በብስክሌት ዕቃ እያደረስኩ ነው የምተዳደረው፤ ስለ ብስክሌት የሚያስተምረኝ ሰው ብዙም አያስፈልገኝም። አማቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚኒባስ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም እንዲንቀሳቀሱ ሲመክራቸው ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት ገዙ።

አንድ ቀን ብስክሌታቸውን ሳጥብላቸው የፊተኛውን ፍሬን ዲስክ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ጠርዙ አካባቢ ጥፍሬን እንደ ደረጃ አደናቀፈው። ፍሬን ሲያዝ ሸራው የሚነካው ቦታ ተበልቷል ማለት ነው።

«አባባ፣ ይኼ ዲስክ መቀየር አለበት» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዲስክ አይጣልም። ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ፊቱ ይስተካከላል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ስንቴ አሠርቻለሁ መሰለሽ።»

ለመኪና ከሆነ እውነታቸውን ነው። የመኪና ዲስክ ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ቢነሳለትም ይተርፈዋል። የብስክሌት ግን አዲሱም ስስ ነው። ይህንኑ ብነግራቸውም፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ኮልፌ ወስደው አሠሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን ይዘው በር ላይ አገኘኋቸው። ዲስኩ ያብረቀርቃል። በጥፍሬ ብዳስሰው ምንም አያደናቅፍም፤ ቶርኖው የመበላቱን ምልክት ጭምር አጥፍቶታል። ከመፍቻዎቼ ጋር የምይዘውን የውፍረት መለኪያ፣ ካሊፐር፣ አውጥቼ ለካሁት። ዲስኩ ላይ ከአንድ ነጥብ አምስት ሚሊሜትር በታች ከሳሳ እንዳይሠራበት ተጽፏል፤ የሳቸው አንድ እንኳ አልሞላም።

ከበራችን ወደ አስፋልቱ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። መጨረሻው ላይ ሰው የሚሰለፍበት የታክሲ ፌርማታ አለ። «በዚህ አይውረዱ» ብላቸው «ይይዛል፣ ሞክሬዋለሁ» አሉና ሊወጡበት እግራቸውን አነሱ።

ፈራሁ። መሪውን ጨምድጄ ያዝኩት። ምራት አማቷን በር ላይ ስታስቆም ጎረቤት ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቆመው ያዩን ጀመር።

«አንድ ነገር ላሳይዎትና ከዚያ እንደፈለጉ» አልኩ። እሳቸው እየተቆጡ ጎማውን ፈታሁት፣ ዲስኩን አወጣሁና በሁለት እጄ አጠፍኩት። እንደ ጣሳ ክዳን እጥፍ አለ።

ብስክሌቱን እዚያው ትተው ወደ ቤት ገቡ።

ማታ ባለቤቴ «አባቴን ሰው ፊት አዋረድሽው፣ ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ። በሌላ ነገር ቢሆን ጉልበታቸውን ስሜ እጠይቅ ነበር። በዚህ ግን እምቢ አልኩ። ለጥቂት ቀናት የአማቴ ሰላምታ አጠረ፤ ቢሆንም አልተጸጸትኩም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ዲስክ ይዘው መጡ። «ግጠሚው» አሉኝ። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ዲስኩን ሳይለቁ «ይኼን እንኳ ማሪልኝ» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ነገር የሚቃጠለው ታላቅን ላለማስቀየም ሲባል ነው። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን አይይዝም። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩም። የተቀየሙ አማት ይታረቃሉ። ያን ጠዋት አፍሬ መሪውን ብለቅ ኖሮ ከማን ጋር እታረቅ ነበር?