ከሰሉ ከቀላ በኋላ

ቦንጋ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አንድ ነገር እስኪሰለቻቸው ድረስ ሰምተውኛል፦ «ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ሳያስታውቅ ይገድላል።» ይህን የምለው ግን ስለ ሰው አልነበረም፤ ስለ ሃይድሮጂን ነበር። ከሃይድሮጂን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ባትሪ መሰል ሴል፣ ጋዙ ውስጥ ከዚህ መርዝ ጥቂት እንኳ ከቀረ ይደክማል። መርዙን ለይተው ከሚያጠፉት ካታሊስቶች፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን ከሚያፋጥኑት ነገሮች፣ የታወቀው ፕላቲነም ነው፤ ዋጋው ደግሞ ለእኛ አይቀመስም። እኔም በርካሾቹ፣ በመዳብና በማንጋኒዝ ኦክሳይድ ልተካው ስታገል ከረምኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ከኦክሳይዶቹ አጣርቼ ያስቀመጥኩት፣ ሲደርቅ ዱቄት የሚሆነው ጭቃ መሰል ዝቃጭ ትምህርት ቤቱ ማድረቂያ ውስጥ እንደረጠበ ቀረ። የሁለት ሳምንት ልፋቴ ሊበላሽብኝ ነው ብዬ ትሪውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅኩና፣ ከሰሉ ፍም ሲሆን «አሁንስ ምንም አይል» ብዬ ምድጃውን ሳሎን አስገባሁት፤ ትሪውንም አጠገቡ አስቀመጥኩ። ባለቤቴም አስተማሪ ናት፤ እዚያው ተቀምጣ የፈተና ወረቀት ታርማለች።

«በሩን ገርበብ አድርገው እንጂ» አለችኝ።

«ነፋሱ ዱቄቴን ይበትንብኛል» አልኳትና ዘጋሁት። መስኮቱንም ጭምር።

ትንሽ ቆይቶ ራሴን ይወጋኝ ጀመር። ጾም ስለሆነ ነው አልኩ። እሷም ራሷን እንዳመማት ስትነግረኝ «እርማቱ ነው» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ፣ ኬሚስቱ!

ጎረቤት መብራት መጥቶ እንደሆነ ልጠይቅ ወጣሁ። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አሉኝ።

«ምንም፤ ከሰል አስገብተን…» ብዬ ስጀምር ቃሉ አፌ ላይ ደረቀ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ወደ ቤት ዞርኩ። እትዬ ቀድመውኝ ሮጡ።

ባለቤቴ ወረቀቶቹ ላይ ተደፍታለች። ቀይ እስክሪብቶው አሁንም በጣቶቿ መሃል ነው። ጠራኋት፤ ዝም። ተጋግዘን ዝናቡ ውስጥ አወጣናት፤ ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቷን ደግፌ ስሟን ደጋግሜ ስጠራ፣ እትዬ ከጎኔ ጸሎታቸውን ያነበንባሉ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለካ ለእኔ ነው።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲለኝ «አስተማሪ ነኝ» አልኩት። የምን አስተማሪ ብሎ እንዳይጠይቀኝ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓይኗን ገለጠች። እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፏ ገለል አድርጋ፣ በደከመ ድምፅ፣

«ዱቄትህ ደረቀልህ?» አለችኝ።

ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።