በገንቦ የከረመው ዘይት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከሱቆቹ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አለበል የሚባል መካኒክ ነበር። ዘይት በአፍንጫው ያውቃል ይሉታል። እውነት ነው፤ በአፍንጫው ብቻ ግን አይደለም። የሞተር ዘይት ሲያመጡለት መጀመሪያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አድርጎ ያሸዋል፣ ከዚያ ያሸተዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። ይህን ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌሮቹ «አያ አለበል ዳዊት መድገም ጀመሩ» እያሉ ይሳሳቃሉ። እሱ አይሰማቸውም። ቢሰማም ደንታ የለውም።

ለጭነት መኪና እንኳ ይህን ያህል አይጨነቅም። የሚጨነቀው ለአንዲት ቀይ መኪና ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ስትነሳ ፒያሳ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን የሚያዞርላት የውድድር መኪና ነበረች። የድሮ ጌታዋ ሲኞር ቤርቶ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ከቀሩት ጣሊያኖች አንዱ፣ አለበልንም ሙያ ያስተማረው። ወደ አገሩ ሲመለስ ለእህል ነጋዴው ለቢያዝን ሸጣት። መቼም ያን ጊዜ በቢያዝን ያልሳቀ ሰው አልነበረም። አንድ ኩንታል ጤፍ የማትጭን መኪና ለእህል ነጋዴ ምን ታደርግለታለች? ቢያዝን ግን ቤቱ ጎንደር፣ ወፍጮው ደባርቅ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዳንዴም ሊማሊሞን ወርዶ ድብ ባሕር ድረስ እህል ሊያይ ይዘልቃል። ጭነት መኪና ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን መንገድ እሱ ከቁርሱ ተነስቶ ሳይርበው ይደርሳል። ሩጫ የለመደችውን መኪና እንዲህ አድርጎ እንደ በቅሎ ሥራ አስለመዳት።

የዘይቱ ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ደባርቅ በጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ወፍራም ዘይት ሞተሩ ውስጥ እንዳደረ ገንፎ ይቆምና መኪናዋ እስክትነሳ ታቃስታለች። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ዳገት ስትወጣ ሞተሩ ይግላል፤ ቀጭን ዘይት ከሆነ ይሟሟና ብረት ከብረት ይፋተጋል። አለበል በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ የለውም። ክረምት ሲገባ ቀጭኑን ሠላሳ ቁጥር፣ በጋ ሲሆን ወፍራሙን አርባ ቁጥር ይሰጣታል። ሌሎቹ ዘይታቸው ሬንጅ እስኪመስል ሲጠብቁ፣ የእሷን ገና ማር ሲመስል ይቀይረዋል።

«አያ አለበል፣ ምነው? ገና እኮ ሸጋ ነው» ይለዋል ቢያዝን።

«ሸጋ ሳለ ነው እንጂ የሚቀየር! ከከፋ በኋላማ የሚያበላሸውን አበላሽቶ የለም?» ይለዋል አለበል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የአዘቦት ዘይት ነው። አለበል ሌላ ዘይት ነበረው።

ሲኞር ቤርቶ ሊሄድ ሲል አንድ ቆርቆሮ ዘይት ሰጥቶት፣ በተሰባበረ አማርኛው «ይህ የውድድር ነው። እሷ አንድ ቀን ተራራውን ስትሮጥ ትጨምርላታለህ» አለው። አለበል እጅ ነስቶ ተቀበለ። ቆርቆሮው መዛግ ሲጀምር ዘይቱን ወደ ገንቦ ገለበጠ፤ አፉን በሰም ደፈነ፤ አልጋው ሥር መሬቱን ቆፍሮ እስከ አንገቱ ቀበረው። ለምን ቀበርከው ብትሉት በጥያቄያችሁ ይገረማል። እሱ ባደገበት አገር ቅቤ ሲከርም መድኃኒት ይሆናል፤ የብዙ ዓመት ቅቤ ያለበት ቤት ሕመምተኛ ባለበት ሁሉ ይለመናል። ዘይትስ ከቅቤ በምን ያንሳል? በየዓመቱ ከፋሲካ ማግስት ጎንበስ ብሎ ሰሙን ይዳብስና «እየበሰለ ነው» ይላል። አለበል ጅል ሰው አይደለም። ይህችን ግን ማንም አላስተማረውም፣ ማንም አልከለከለውም።

የገንቦው ጠላት ሚስቱ አመለወርቅ ነበረች። የተቀበረው በእሷ በኩል ነዋ! ከአልጋ በወረደች ቁጥር አንገቱ እግሯን ይመታታል። «የዚያችን የቀይ ጣውንቴን ስንቅ እኔ ሥር ታስቀምጣለህ» ትለዋለች። ጣውንቷ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳፍራ አታውቅም። አለበል «የሰው ንብረት ናት» ይላታል። የሰው ንብረቷን እሱ ራሱ «እየሞከርኳት ነው» በሚል ከከተማው ወጥቶ እስከ ፀዳ ድረስ እንደሚነዳት ከተማው ሁሉ ያውቃል። አመለወርቅም ታውቃለች።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ የመኪና ውድድር የሚወዱ ሰዎች ከአስመራ መጡ። ከድብ ባሕር ተነስተን፣ ሊማሊሞን ወጥተን ደባርቅ እንጨርሳለን፤ መኪና ያለው ይግባ አሉ። ቢያዝን ገባ። ወሬውን ሊነግር ሲመጣ አለበል ጭነት መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር።

«አያ አለበል፣ ሰሙ?»

«ሰምቻለሁ» አለ ከሥር። ቢያዝን ወደ መኪናው ሥር ጎንበስ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። እሑድ ትሩጥ፤ ሰኞ ግን ደባርቅ ትፈለጋለች። የወፍጮዬን ድንጋይ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል፤ አዲሱ ጎንደር የሚገባው እሑድ ማታ ነው፤ የምታደርሰው እሷ ናት። አገሩ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ደጄ ላይ ተኮልኩሏል። እሷ ከተሰበረች እኔም አብሬ መሰበሬ ነው።»

«አትስጋ» አለ አለበል። «ለዚች ቀን ያቆየሁት አለኝ።»

ዓርብ ቀን ገንቦውን አወጣ። ሰሙን ፈነቀለ። ንጹሕ እንጨት አስገብቶ ሲያወጣ ዘይቱ እየተሳበ፣ እየተጎተተ ተከተለው። «በስሏል» አለ፤ ድምፁ ግን እርግጠኛ አልነበረም። አመለወርቅ ከኋላው ቆማ አሸተተችና ሳቋ አመለጣት።

«ይኼማ ጉሎ ነው!»

«ምን አልሽ?»

«የጉሎ ዘይት ነዋ። አባቴ ኮርቻ ሲሠራ ቆዳውን በምን የሚያለሰልስ ይመስልሃል? ያደግሁበትን ቤት ሽታ አጣዋለሁ?»

አለበል ተቆጣ። ሲኞሩ አምኖ የሰጠውን የውድድር ዘይት በየአጥሩ ሥር ከሚበቅል ጉሎ ጋር ታወዳድራለች! ግን አሸተተ። ዕድሜውን ሙሉ በአፍንጫው ሲታማ የኖረ ሰው፣ ያን ዘይት ግን የሲኞሩ ነው ብሎ አምኖ አንድም ቀን አሽትቶት አያውቅም ነበር። ጉሎ ነው።

«ይሁን፣ ጉሎም ቢሆን ጥሩ ጉሎ ነው» አለ።

«ትኩስ ሳለ ነበር ጥሩ» አለች አመለወርቅ፤ አሁን መሳቋን ትታለች። «አባቴ የከረመ አይነካም። ሙጫ ሆኖ ቆዳውን ያደርቅብኛል እያለ ይደፋው ነበር።»

 አለበል ብርጭቆ አምጥቶ የአዘቦቱን ዘይት ቀዳበት፤ በላዩ ከገንቦው ጠብ አደረገ። ጉሎው ሰምጦ ታች ተቀመጠ። አማሰለው፤ ጓጎለ። ሞተሩ ውስጥ ያሉት የዘይት መሄጃዎች ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆኑ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የቱንም ያህል ቢያፈስስ ከአሮጌው ዘይት እዚያ ውስጥ የሚቀር አለ። ይህ ከዚያ ጋር ከተገናኘ ቀይዋ ሊማሊሞ አጋማሽ ላይ ሞታ ትቀራለች።

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሲኞሩ በውድድር ማግስት ሞተሩን ፈትቶ፣ ዘይቱን እስከ መጨረሻው አፍስሶ ያጥብ ነበር። አለበል የሰውዬው የንጽሕና አባዜ ይመስለው ነበር። ለካ ያ ዘይት ለአንድ ቀን ነው፤ ትኩሱን አጠጥተው፣ አሩጠው፣ ወዲያው የሚያወጡት። ሲኞሩ አልዋሸውም። ያበላሸው አለበል ራሱ ነው፤ ከመውደዱ ብዛት አበላሸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

«ቃሌስ?» አለ በመጨረሻ። «አደራ ነው እኮ።»

አመለወርቅ አጠገቡ ተቀመጠች። «አደራው ገንቦው ነው ወይስ መኪናዋ?»

አለበል ዓይኑን ጠርጎ ተነሳ። ወደ ጋራዡ ሄዶ፣ ሞተሩን አሙቆ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ፤ አዲስ አርባ ቁጥር ከፈተ። በጋው ገና ባይገባም የሚፈራው ብርዱን ሳይሆን ዳገቱን ነው። ጠብታውን በጣቶቹ መሀል አሸ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሥራ የለመደች መኪና ናት፤ የለመደችውን ትጠጣ አለ። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እያጠለለ ቀዳላት።

እሑድ በቢያዝን ጎን ተቀምጦ ሊማሊሞን ወጣ። ከአስመራ የመጡት ሁለት መኪኖች ገና በመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች ጥለዋቸው ሄዱ። አለበል አልተናደደም። ሌላ ነገር እያዳመጠ ነበር። የመጨረሻው ዳገት ላይ፣ ገደሉ በቀኝ ሲከፈትና ሞተሩ ከሙቀቱ ጋር ሲታገል፣ አንድም የብረት ጩኸት አልነበረም። ያን የጠራ የሞተር ድምፅ በሰማ ጊዜ ሲኞሩን እንደሚያስታውስ ነበር ለዓመታት የሚያስበው። አላስታወሰውም። ያስታወሰው በየሳምንቱ በራሱ ጣቶች ያሸውን ዘይት ነው። ደስ አለው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ሦስተኛ ወጡ። ቢያዝን አቅፎ ሳመው።

ሰኞ ጠዋት ቢያዝን ወገቡን ይዞ ወደ ጋራዡ መጣ። «አያ አለበል፣ የእኔ ወገብ እንደ ወፍጮዬ ቺንጋ ሆኗል። ቺንጋውን እርስዎ ያድርሱልኝ፤ ይህን ሳምንት መንገዱም የእርስዎ ነው።» አለበል ቁልፉን ተቀብሎ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ቤቱ ሄደ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ነጠላሽን ልበሽ» አለ።

አመለወርቅ ቺንጋውን እግሯ ሥር አድርጋ ተሳፈረች። አንድ እጇ በሩን፣ አንድ እጇ ነጠላዋን ይዟል፤ ዓይኗ ግን የኮረዳ ሆኗል። ደባርቅ መግቢያ ላይ የአስመራዎቹ አሸናፊ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ሞተሯ ተፈትቶ ይታጠባል። አመለወርቅ አፍንጫዋን ወደ ውጭ አወጣች።

«ጉሎ! ትኩስ ነው» አለችና ሳቀች። ከዚያ ዞራ አየችው። «ምነው እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ሳታሳፍረኝ ቀረህ?»

 «ለትልቅ ቀን ነበር የማቆይሽ» አላት።

«እኔንም? እንደ ገንቦው?»

ፍሬን ያዘ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ደርሰው ነበር፤ እህል የተሸከመው ሰው ሁሉ ወደ እነሱ እየሮጠ ነው። አለበል ግን አልወረደም። ዘይት የጠገበ እጁን እጇ ላይ አሳረፈ።

«ረቡዕም እንመጣለን» አላት። «ዓርብም።»